የደረቅ ጨርቅ ጭረት

ስለ ንብረት አያያዝ መናገር ከሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። የፖለቲካ መኮንን እንደ መሆኔ፣ በመሰብሰቢያ አዳራሽም ሆነ በተሽከርካሪዎች ማቆሚያ ሜዳ፣ ለሠራዊቱ የተሰጠ ንብረት እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ እንዳለበት ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። ቃላቱን በጦር አካዳሚ ሳለሁ ተምሬአቸዋለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም በቅደም ተከተል ሰፍረዋል። ነገር ግን አንድን ንብረት በእጅ መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ በሚገባ የተረዳሁት በስብሰባ ላይ ሳይሆን፣ ከአገር ውጭ፣ በካምፓላ ከተማ፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ከባልዲ አጠገብ ተንበርክኬ ነው። ያስተማረኝም የገዛ ራሴ ጥፋት ነበር። የቤተሰብ ዐምድ አንባብያን ከሌላው ሰው ጥፋት መማር በራስ ጥፋት ከመማር ይልቅ እንደሚረክስ ያውቃሉና፣ ነገሩን እንደ ነበረ ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት ለስድስት ሳምንታት ኮርስ ወደ ዩጋንዳ ተልኬ ነበር። ካምፓላ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳም ዘመድም የሆነች ከተማ ናት። እንደ አዲስ አበባ ሁሉ በኮረብቶች ላይ ተመሥርታለች፤ ስሟም ኢምፓላ ከተባለው የዱር እንስሳ የመጣ ሲሆን፣ በሉጋንዳ ቋንቋ «የኢምፓላ ኮረብታ» ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትሞቃለች። የምድር ወገብ በቅርብ ርቀት ስለሚያልፍ የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆማለች። መኪኖች በግራ በኩል ስለሚነዱ፣ መንገድ በተሻገርሁ ቁጥር አንገቴ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይዞር ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የማይረሳው አፈሯ ነው። የካምፓላ አፈር በብረት ዝገት ቀልቶ ጡብ ይመስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ፣ ዝናብ ሲያቆም ዱቄት ይሆናል። በዚህ ዱቄት ያልተነካ ጫማም፣ መስኮትም፣ መኪናም የለም።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የሚኖሩት ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ስላሉ፣ እንጀራ የናፈቀው የአገራችን ሰው ሁሉ መዳረሻው እዚያ ነው። አጎቴ ከአገር ሲወጡ እኔ ገና ፊደል አልቈጠርሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ያሳለፉት የሰው ከባድ መኪና በመንዳት ነው። መንገዳቸው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ በናይሮቢ በኩል አልፎ፣ በማላባ ድንበር ተሻግሮ ካምፓላ የሚደርሰው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ጐዳና ነበር። የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተሬ፣ የመጀመሪያው የቆዳ ጫማዬ ከዚያ ጐዳና ላይ የመጡ ናቸው። ከአካዳሚ በተመረቅሁ ዕለት በስልክ ደውለው፣ «እንግዲህ መሪውን ራስህ ያዝ» ብለውኝ ነበር።

በደረስሁበት የመጀመሪያ እሑድ ወደ ግቢያቸው ስገባ፣ ከማንጎው ዛፍ ራቅ ብላ፣ ጥቁር ሰማያዊ የሆነች አዲስ ቶዮታ ሂሉክስ ፒክ አፕ ቆማ አገኘሁ። በካምፓላ አዲስ መኪና መግዛት ለተራው ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በከተማዪቱ የሚታዩት አብዛኞቹ የቤት መኪኖች በጃፓን አገልግለው በሞምባሳ በኩል የገቡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ከተሠሩ 15 ዓመት ያለፋቸው መኪኖች እንዳይገቡ እስኪከለክል ድረስ፣ ከዚያም ያረጁ ይመጡ ነበር። አጎቴ ግን ያጠራቀሙትን አውጥተው፣ የጐደለውንም ተበድረው፣ ከአከፋፋይ ዘንድ ማንም ያልነዳትን መኪና ገዙ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው፣ «ሌላው ያደከመውን ሃያ ዓመት ነዳሁ፤ አንዷን እንኳ እኔው ልጀምራት ብዬ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ በሚያስተዳድሩት አነስተኛ ምግብ ቤት ምክንያት፣ መኪናዪቱ በየማለዳው ወደ ናካሴሮ ገበያ ሄዳ አትክልት ታመጣለች። ስለዚህ ጌጥ ብቻ አልነበረችም፤ ዕዳዋን ራሷ እየሠራች የምትከፍል የቤተሰቡ አባል ነበረች።

በሁለተኛው እሑድ ማልጄ ስደርስ አጎቴና እትዬ ቤት አልነበሩም። መኪናዪቱ የሳምንቱን ቀይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። እኔም በወታደራዊ ትጋት ተነሣሣሁ፤ ሲመለሱ አብረቅርቃ ይጠብቋት ብዬ ወሰንሁ። በመጀመሪያ ከማድቤት ደጃፍ ከተሰጡት ጨርቆች አንዱን አንሥቼ አቧራውን በደረቁ ጠረግሁት። ቀጥሎ የልብስ ዱቄት ሳሙና በባልዲ በጥብጬ፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት ኮፈኑን በአረፋ ሸፈንሁት። በግራው በር ላይ ደርቆ አልለቅ ያለ የወፍ ኩስ ስለ ነበረ፣ እርሱን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በሻካራው ጎን ፈተግሁት። ሁሉንም ስጨርስ ላቤን ጠርጌ፣ ሥራዬን ለማድነቅ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስሁ።

ባየሁት ነገር ሆዴ ቀዘቀዘ። ፀሐይ ባረፈችበት ቦታ ሁሉ፣ በኮፈኑና በበሮቹ ላይ፣ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ጭረቶች ክብ ሠርተው ይታዩ ነበር። ሳሙናው በትኩሱ ብረት ላይ ስለ ደረቀ ነጫጭ ምልክት ትቷል። በግራው በር ላይ ደግሞ፣ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው አንድ ጥልቅ ጭረት ከመካከላቸው ለብቻው ተለይቶ ይጮኻል።

አጎቴ ሲመለሱ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። መዳፋቸውን ከበሩ ላይ ሳያሳርፉ በአየር ላይ አሳለፉት። ከዚያም፣ «ደክመሃል፤ ግባ፣ ቡና ይፈላ» አሉኝ። በቡናው ላይ ስለ እናቴ ጤንነት፣ ስለ አገር ዝናብ፣ ስለ ኮርሴ ጠየቁኝ፤ ስለ መኪናዋ ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም ምናልባት አላዩትም ይሆናል ብዬ ራሴን አታልዬ ዝም አልሁ። ወደ ማታ እትዬ እስከ ቦዳ ቦዳ ማቆሚያው ሊሸኙኝ ወጥተው እንዲህ አሉኝ፦

«አይቶታል፣ ልጄ። ከገዛት ጀምሮ ለማንም አሳልፎ አልሰጣትም፤ ላቫጆ እንኳ ወስዷት አያውቅም። ዕዳዋ ገና አሥራ ስምንት ወር ይቀረዋል። አንተ ስለ ሆንህ ነው ዝም ያለው።»

በዚያ ሳምንት መምህሩ የሚናገረው አልሰማኝም። የከበደኝ ጭረቱ ብቻ አልነበረም። ወደ ዩጋንዳ ከመሄዴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በክፍላችን አንድ ወጣት ሹፌር የመኪናውን ፓራፋንጎ ከአጥር ጋር አጋጭቶ ሳይናገር ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ሹፌሩን በባልደረቦቹ ፊት አቁሜ፣ «ጥፋትህ ግጭቱ አይደለም፤ አለመናገርህ ነው» ብዬ ገሥጬው ነበር። ያ ንግግሬ አሁን ካምፓላ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እኔ በአለባበሴና በማዕረጌ የማስተምረውን፣ በአጎቴ ቡና ፊት ተቀምጬ ልፈጽመው አልቻልሁም።

በሦስተኛው እሑድ አሮጌ ልብስ ለብሼ ሄድሁ። ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «ጋሼ፣ መኪናዎን ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ። «እኔን ያስጨነቀኝ መቼ ትናገር ይሆን የሚለው ነበር። ቀለሙ መድኃኒት አለው። በል፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

ትምህርቱም በዚያው ተጀመረ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ አቧራ ነበር። አጎቴ ከመሬት ቈንጥረው ቀዩን አፈር በመዳፌ ላይ አደረጉና በጣቴ እንዳሸው አዘዙኝ። ዱቄት የመሰለኝ ነገር በውስጡ የሚቈረቍር ደቃቅ አሸዋ ነበረበት። ይህ ደቃቅ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ነው፤ የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው መለኪያ 7 ያህል ስለሚደርስ፣ የመስኮት መስታወትን እንኳ ሊጭር ይችላል። እንግዲህ በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ ማለት መኪናን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ጨርቁ ለስላሳ መሆኑ አያድንም፤ የሚጭረው ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ የተሸከመው አሸዋ ነውና።

ስለዚህ መኪና ከመነካቷ በፊት ውኃ ይፈስባታል። አጎቴ በካምፓላ በየቤቱ የሚታየውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ውኃውን ቀስ ብለው ያፈሱታል። አሸዋው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከዚያም ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ በአንደኛው ለመኪና የተዘጋጀ ሳሙና፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ብቻ አለ። ጨርቁ ከሳሙናው ተነክሮ አንድ ክፍል ያጥባል፤ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት ግን በንጹሑ ውኃ ይታጠባል። በዚህ ዓይነት ከመኪናዋ የወጣው አሸዋ ተመልሶ ወደ መኪናዋ አይሄድም። የሚታጠበውም ከላይ ወደ ታች ነው፤ በመጨረሻም ጎማና ቸርኬ ለብቻቸው በተለየ ጨርቅ ይታጠባሉ። የልብስ ዱቄት ሳሙና የተሠራው ቅባትን ከልብስ ለማውጣት በመሆኑ፣ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም አብሮ ይገፈዋል። ፀሐይም ሌላዋ ጠላት ናት፤ በጋለ ብረት ላይ ውኃው ቶሎ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ጨውና ሳሙና በቀለሙ ላይ ይቀራል። መኪና የሚታጠበው በማለዳ ወይም በጥላ ሥር ነው።

አጎቴ የሚያጥቡት ከጓሮው ሣር ላይ ነበር። ለምን መንገድ ዳር ካሉት አጣቢዎች ዘንድ እንደማይወስዷት ስጠይቃቸው፣ ሁለት ምክንያት ሰጡኝ። አንደኛው፣ አንድ ጨርቅ በቀን አሥር መኪና ሲያጥብ የአሥሩንም አሸዋ ተሸክሞ እንደሚመጣ ነው። ሁለተኛውን ግን አልጠበቅሁትም። ከመካከለኛው ካምፓላ የሚወርደው ቆሻሻ ውኃ በናኪቩቦ ቦይ አድርጎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ መርቺሰን ወደተባለው ወሽመጥ ይገባል፤ ከተማዪቱ የምትጠጣውን ውኃ የምትቀዳበት የጋባ ማጣሪያም ያለው በዚያው ወሽመጥ ላይ ነው። ሐይቁ ደግሞ በጂንጃ በኩል ወጥቶ ነጭ ዓባይ ይሆናል። «ያጠብሁበትን ሳሙና መልሼ በቡና ልጠጣው?» አሉ እየሳቁ። ሣርና አፈር ባሉበት ማጠብ ጉዳቱን ሁሉ ባያስቀርም ወደ ቦይ የሚወርደውን እድፍ ይቀንሳል።

በአራተኛው እሑድ ወደ ቀለሙ ገባን። እኔ ቀለም ማለት አንድ ሽፋን ይመስለኝ ነበር። አጎቴ የለመዱትን፣ እኔም ከዚያ ወዲህ አንብቤ ያረጋገጥሁትን ባጭሩ ላስረዳ። ብረቱ በመጀመሪያ በፀረ ዝገት ልባስ ውስጥ ይነከራል፤ በላዩ መሠረት የሚሆን ቀለም ይደረባል፤ ቀጥሎ ዓይን የሚያየው ቀለም ይነፋል፤ በመጨረሻ ክሊር የሚሉት ጥርት ያለ ልባስ ሁሉንም ይሸፍናል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ብልጭታውን የሚሰጠውና ፀሐይን የሚመክተው ክሊር ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከአንድ የሰው ጠጉር ውፍረት ያንሳል። ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ሁሉ የሚሠራው በዚህች በአንዲት ጠጉር ውፍረት ላይ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ዘመን፣ መኪኖች እንደ ፈረስ ሠረገላ በብሩሽ እየተቀቡ በየሽፋኑ እስኪደርቁ ለቀናትና ለሳምንታት ይጠበቁ ነበር። የፎርድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ቀለም ብቻ ያወጣ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1920ዎቹ ቶሎ የሚደርቅ በመርጫ የሚነፋ ቀለም ሲመጣ ሥራው ከሳምንታት ወደ ሰዓታት አጠረ። ዛሬ በፋብሪካ የተቀባ መኪና 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ስለሚያልፍ ቀለሙ በስሎ ይወጣል። «አዲስ መኪና ወራት ሳይቈይ ሰም አይቀባም» የሚለው ወሬ እንግዲህ ለፋብሪካ ቀለም አይሠራም፤ በጋራዥ እንደገና ለተቀባ መኪና ግን ቀለሙ ውስጡ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይገባል።

ፖሊሹን ለመግዛት ኪሴካ ወደሚባለው የመለዋወጫ ገበያ አብረን ሄደን ነበር። ሻጩ ብርቱ የሆነውን፣ ጭረት በአንድ ጊዜ ያጠፋል የሚሉትን ሲያቀርብ አጎቴ እምቢ አሉ፤ ደቃቁን መረጡ። «ከደቃቁ ትጀምራለህ። እርሱ ካልበቃ ብቻ ወደ ብርቱው ትሄዳለህ። የገፈፍኸውን አትመልሰውም» አሉኝ።

መኪናዋን አጥበን ካደረቅን በኋላ፣ በሳሙና ውኃ እያራስን ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን ጭቃ መሰል ሊጥ በቀለሙ ላይ አንሸራተትነው። ሊጡ ውኃ ያላወጣውን፣ ከቀለሙ ጋር የተጣበቀውን የመንገድ ቅጥራንና የብረት ብናኝ ለቅሞ ይወጣል። መሬት ላይ የወደቀ ሊጥ አሸዋ ስለሚይዝ ይጣላል እንጂ ተመልሶ አይነካም፤ ይህንንም የተማርሁት አንዱን ቁራጭ ከጣልሁ በኋላ ነው። ቀጥሎ የላስቲኩንና የፕላስቲኩን ዳር በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። ከዚያም የአተር ፍሬ የሚያህል ፖሊሽ በስፖንጅ ላይ አድርገን፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስንዝር ካሬ ያልበለጠ ቦታ እየያዝን ማሸት ጀመርን። ስፖንጁ በቀጥታ መስመር፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይሄዳል፤ ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሮ ይደገማል። በቦዲው ጠርዝና ሹል ቦታ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እጅ ይቀላል። ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ተጠርጎ በባትሪ ብርሃን ከጎን ይታያል።

እኔ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም እጨርሳለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ኮፈኑን ብቻ ጨረስን። ክንዴ ሲዝል ኃይል እየጨመርሁ መጫን ጀመርሁ። አጎቴ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው፣ በከተማዪቱ ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለውን የሉጋንዳ ቃል ተናገሩ፦ «ምፖላ ምፖላ።» ቀስ በቀስ ማለት ነው። የሸረሪት ድሩ ከኮፈኑ ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የማንጎው ቅርንጫፍ በሰማያዊው ቀለም ውስጥ እንደ መስታወት ሲታይ፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች አንዱ እንደ ሆነ ተሰማኝ።

የግራው በር ግን ሌላ ነገር ሆነ። አጎቴ ጥልቁን ጭረት በጥፍራቸው ጫፍ ቀስ ብለው ተሻገሩት፤ ጥፍራቸው ያዘ። «ጥፍር የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም። እርሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ እርሱን እስኪያህል መግፈፍ አለብህ። ያኔ ጭረቱ ይሄዳል፤ ክሊሩም አብሮ ይሄዳል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙ በፀሐይ ይነጣል» አሉ። ጫፍ ጫፉን በደቃቁ ፖሊሽ አለዝበው ተዉት። እኔ ቀለም ቀቢ ዘንድ እንውሰዳትና ከአበሌ ልክፈል ብዬ ለመንኋቸው። «ብረቱ አልታየም፤ አይዝግም። ይቆይ» አሉ።

በአምስተኛው እሑድ ሰም ቀባናት። ለመኪና የሚሆነው ሰም ከንብ ሰም ይልቅ በአብዛኛው ካርናውባ ከተባለው፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ላይ የሚገኘው ነው። ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። የሚቀባው በጣም ስስ ሆኖ ነው፤ ወፍራም ሰም ለመጥረግ ያስቸግራል እንጂ የተሻለ አይጠብቅም። ደብዘዝ ሲል በጣት ይፈተናል፤ ጣት ንጹሕ አድርጎ ካለፈ ይጠረጋል። ውኃ ሲነካው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ዶቃው ቀርቶ ውኃው እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ መቆም ሲጀምር ሰሙ አልቋልና ይደገማል። በዝናብና በፀሐይ አገር ይህ በየሁለትና ሦስት ወሩ ሊሆን ይችላል።

ሰሙ ምን እንደሚጠቅም ለማየት ብዙ አልቈየሁም። በአገራችን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምናውቀው አባ ኮዳ፣ በካምፓላ «ካሎሊ» ተብሎ በቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዛፍ ላይ ይኖራል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሰ በራ፣ ሽማግሌ ዳኛ የመሰለ ወፍ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን በራሱ እግር ላይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ እግሩ ነጭ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የራሱን እግር ያልማረ ወፍ የአጎቴን መኪና እንደማይምር ግልጽ ነው። በስድስተኛው እሑድ፣ ልሰናበት በሄድሁበት ዕለት፣ የኮፈኑን አጋማሽ የሸፈነ የካሎሊ ስጦታ ጠበቀኝ። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፤ በፀሐይ የሞቀ ቀለም ላይ ሲደርቅ ቅርጹን አትሞ ይቀራል። አጎቴ ዐይተው ወደ ጓዳ ገቡና ቍልፉንና ባልዲውን አምጥተው በፊቴ አስቀመጡ። «እኔ ወደ ገበያ እሄዳለሁ። ስመለስ ንጹሕ ላግኛት» ብለው በቦዳ ቦዳ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። እርጥብ ጨርቅ በኩሱ ላይ አንጥፌ እስኪለሰልስ ጠበቅሁ፤ ሳልፈትግ አንሥቼ በውኃ አጠብሁት። ሰሙ ስለ ነበረ ቀለሙ አልተነካም። ሙሉዋን መኪና በሁለት ባልዲ ከላይ ወደ ታች አጥቤ አደረቅኋት። አጎቴ ሲመለሱ እንደ ያን ጊዜው ዞሯት። በዚህ ጊዜ ግን መዳፋቸውን በግራው በር ላይ፣ በጥልቁ ጭረት ላይ አሳረፉ። «ይህች የአንተ ናት። ዕዳው ሲያልቅም ባየኋት ቁጥር አስታውስሃለሁ» አሉኝ። ከኪሳቸው የተጣጠፈ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ፤ ዛሬም በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ቤተሰብም የቀረበ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አዲስ መኪና፣ በተለይም የኤሌክትሪክ መኪና፣ በየሰፈሩ መታየት ጀምሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ይለይ እንጂ ቀለሙ ያው ነው። ሰው የአራትና የአምስት ዓመት ቁጠባውን ከፍሎ ያመጣትን መኪና፣ ወንበሯን በፕላስቲክ እንደ ተሸፈነ ዓመት ያስቀምጥና፣ ቦዲዋን ግን በየማለዳው በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል። በአቧራ ላይ ሸራ ያለብሳል፤ ነፋስ ሸራውን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ሸራው ይፈትጋታል። ባለ ባጃጁም፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በፊት ውኃ፣ ከውኃ በኋላ ጥላ፣ ከጥላ በኋላ ትዕግሥት፤ አጎቴ ያስተማሩኝ ይኸው ነው።

ወደ ካምፓችን ከተመለስሁ በኋላ ስለ ንብረት አያያዝ የተያዘልኝን የትምህርት ሰዓት በአዳራሽ አላደረግሁትም። ሹፌሮቹን ከነቤተሰባቸው ወደ ተሽከርካሪዎቹ ሜዳ ጠርቼ፣ ሁለት ባልዲ በፊታቸው አስቀመጥሁ። ስለ ሁለት ሰዓት የኮፈን ፖሊሽ፣ ስለ ጥፍርና ስለ ጭረት ነገርኋቸው። ከዚያም ያን ወጣት ሹፌር በስሙ ጠርቼ፣ በዚያን ጊዜ የገሠጽሁበትን ነገር እኔው ራሴ እንደ ፈጸምሁት፣ ሳምንት ሙሉም ዝም እንዳልሁ በሁሉም ፊት ተናገርሁ። በመጀመሪያ ማንም ድምፅ አላሰማም። ቆይቶ ሹፌሩ ፈገግ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ታዲያ መቶ አለቃ፣ እርስዎን ማን ቀጣዎ?»

«አጎቴ» አልሁት። «ሦስት እሑድ ሙሉ አሳሹኝ።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ሹፌሩ ሳይታዘዝ እጅጌውን ሰበሰበና ከባልዲዎቹ አንዱን አነሣ። እኔም ሁለተኛውን ያዝሁ።